የበዓሉን ቀን ስትነግሩን የዕዳውንም ቀን ንገሩን

ግልጽ ደብዳቤ

በየአገሩ የሕዝብ በዓላትንና ባንክ የሚዘጋባቸውን ቀናት ለምትወስኑ መሥሪያ ቤቶች በሙሉ
በያላችሁበት

ጉዳዩ፦ በድንገት ስለሚታወጁ በዓላትና በዚያው ቀን ስለሚደርሱ ክፍያዎች

ክቡራትና ክቡራን፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ከአንዱ አገር ባንክ ወደ ሌላው አገር ባንክ የሚሄደውን ገንዘብ የምንመዘግብ፣ የምናጣራና የምናስተላልፍ ሠራተኞች ነን። ሥራችን ሳይበላሽ ከዋለ ማንም አያስታውሰንም። ከጠረጴዛችን አጠገብ ግድግዳው ላይ የብዙ አገር በዓላት ያሉበት የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ዲሴምበር ላይ ሲሰቀል ንጹሕ ነው። ኦገስት ሲደርስ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ፣ ቀስት ተስቦበት፣ በጠርዙ «ቀርቷል»፣ «ወደ ዓርብ ተዛውሯል»፣ «ባንክ ክፍት ነው ይላሉ፣ ይጣራ» ተብሎ ተጽፎበት የታረመ የተማሪ ደብተር ይመስላል። ኮምፒውተሩም የራሱ ዝርዝር አለው። ግን ኮምፒውተሩ የሚያውቀው እኛ ያስገባንለትን ነው፤ እኛ ደግሞ የምናውቀው እናንተ የነገራችሁንን ብቻ ነው።

እንድንጽፍ ያነሣሣን የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። አንድ አገር፣ ስሙን አናነሣም፣ ማምሻውን ነገ በዓል ነው ብሎ አወጀ። በማግሥቱ መድረስ ከነበረባቸው ክፍያዎች አንዱ አንድ አባት ለልጃቸው የላኩት የትምህርት ክፍያ ነበር፤ የምዝገባው የመጨረሻ ቀንም ያው ቀን ነው። ሰውየው ደወሉ። «ገንዘቡ የት ደረሰ?» አሉ። በዓል ሆኖ ባንኩ ተዘግቷል አልናቸው። «የማን በዓል?» አሉ። ይህንንስ መለስንላቸው። ቀጥለው «ታዲያ የዘገየው በበዓሉ ምክንያት ከሆነ ቅጣቱ ይነሣልኛል?» ሲሉ ግን ዝም አልን። የበዓሉን ማስታወቂያ ደግመን አነበብነው። ስለ ቀኑ ክብር ብዙ ይላል፤ ስለ ክፍያ አንድ ቃል የለውም።

አንድ ነገር አስቀድመን እንበል። በዓል ይቀነስ፣ ወይም በዓል ይቅር የምንል ሰዎች አይደለንም። እረፍት ከማንም በላይ እኛ እንወዳለን። አቤቱታችን በዓል ስታውጁ ግማሹን ሥራ ትታችሁ ስለምትሄዱ ነው። ያ ግማሽ ደግሞ ጥንቱኑ የነበረ እንጂ እኛ ዛሬ የፈጠርነው አይደለም። (ከዚህ በታች ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

«የባንክ በዓል» የሚለውን ስም ተመልከቱት። የእንግሊዝ ባንክ እስከ 1834 ድረስ በዓመት 33 ያህል የቅዱሳንና ሌሎች በዓላትን ያከብር ነበር። በዚያ ዓመት ወደ አራት ብቻ ወረዱ፦ ሜይ 1፣ ኖቬምበር 1፣ ስቅለትና ገና። በ1871 ግን ሰር ጆን ላቦክ የሚባሉ የፓርላማ አባል አዲስ ሕግ አስወጡ። ሰውየው ራሳቸው ባንከኛ ነበሩ፤ በትርፍ ጊዜያቸው ደግሞ ጉንዳን ያጠኑ ነበር፤ ያለ እረፍት የሚሠራ ፍጥረት ምን እንደሚመስል ያውቃሉ ማለት ነው። ሕጉ ለእንግሊዝ፣ ለዌልስና ለአየርላንድ የፋሲካ ማግሥት ሰኞን፣ የጰራቅሊጦስ ማግሥት ሰኞን፣ የኦገስትን የመጀመሪያ ሰኞና ዲሴምበር 26ን ሰጠ። ለስኮትላንድ የራሷ ዝርዝር ተሠራላት።

ሕጉ ስለ ባንክ የሆነው ለምንድን ነው? አንድ ነጋዴ በዚያን ቀን የሚከፈል የሐዋላ ወረቀት ይዞ ይመጣል። በሩ ተዘግቷል። ወረቀቱ በቀኑ አልተከፈለም ማለት ነው፤ ያልተከፈለ ወረቀት ደግሞ የከፋዩን ስም ያጠፋል፣ ክስም ያስከትላል። ስለዚህ ባንክ በደግነት ብቻ በሩን ሊዘጋ አይችልም ነበር፤ ሕግ ያስፈልገዋል። የ1871ቱ ሕግ ያደረገው ይህንን ነው። በበዓሉ ቀን የሚደርሰው ወረቀት በማግሥቱ ይከፈል፣ በዚያ ቀን ማንም እንዲከፍል አይገደድ አለ። በስቅለትና በገና የሚደርሰው ግን በነባሩ ልማድ ከበዓሉ አንድ ቀን ቀድሞ ይከፈል ነበር፤ እንደዚያው ቀጠለ። ወደ ፊት ነው ወይስ ወደ ኋላ የሚለው ነገር እንኳ አልተረሳም። ሕዝቡ ቀኖቹን «የቅዱስ ላቦክ ቀን» እያለ ቢቀልድም ሕጉ የተጻፈው ቀልድ በማያውቅ ሰው እጅ ነው።

ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚለው ትንሽ ነገር የሚመስለው ካለ ሕንድን ይመልከት። እዚያ የሕዝብ በዓል ትርጉም የሚገኘው በ1881 በወጣው የንግድ ሰነዶች ሕግ ውስጥ ነው፤ ክፍለ ግዛቶች እስከ ዛሬ የባንክ በዓላትን የሚያውጁት በእሱ መሠረት ነው። ሕጉ የመክፈያው ቀን በዓል ላይ ከዋለ ሰነዱ ከበዓሉ በፊት ባለው የሥራ ቀን እንደደረሰ ይቆጠራል ይላል። እንግሊዝ በባንክ በዓሏ ወደ ፊት ስትገፋ ሕንድ ወደ ኋላ ትጎትታለች። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሁለቱም ጽፈውታልና። እኛን የሚገድለን ሳይጻፍ የሚቀረው ነው።

«የባንክ በዓል» የሚባል ሌላም ነገር በታሪክ አለ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በማርች 6 ቀን 1933 የአሜሪካን ባንኮች በሙሉ ዘጉ፤ ባንኮቹ ከማርች 13 ጀምሮ በየተራ እስኪከፈቱ ድረስ አገሩ ሁሉ በኪሱ ባለው ሳንቲም ከረመ። በዓል ተባለ እንጂ ያከበረው ሰው የለም። ይህን ያነሣነው የተዘጋ ባንክ ከውጭ ለሚጠብቅ ሰው ምን እንደሚመስል ለማስታወስ ነው። በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ምንም ይበል ምን፣ ደጅ ለቆመው ሰው ያው መዘጋት ነው።

አሁን ወደ አቤቱታችን እንግባ።

አንደኛ፣ ጊዜ አትሰጡንም። ሳዑዲ ዓረቢያ በኖቬምበር 22 ቀን 2022 በዓለም ዋንጫ አርጀንቲናን ስታሸንፍ ማግሥቱ በዓል ተባለ። አርጀንቲና በበኩሏ ዋንጫውን ወስዳ ስትመለስ ዲሴምበር 20ን በዋዜማው በዓል አደረገችው። የሚገርመው ተሸናፊዋም አሸናፊዋም በአንድ ወር ውስጥ ያንኑ አደረጉብን። ኬንያም ባራክ ኦባማ በተመረጡ ማግሥት ለሚቀጥለው ቀን፣ ለኖቬምበር 6 ቀን 2008፣ በዓል አውጃለች። ደስታችሁን አንነፍግም፤ ኳስ እኛም እንወዳለን። ግን ለአንድ ክፍያ ትዕዛዝ የሚሰጠው ገንዘቡ ከሚደርስበት ቀን ብዙውን ጊዜ ሁለት የሥራ ቀን ቀድሞ ነው። እናንተ ማምሻውን በዓል ስታውጁ የእኛ ትዕዛዝ መንገድ ላይ ነው። መንገድ ላይ ያለ ገንዘብ ደግሞ ሬዲዮ አይሰማም። ደቡብ አፍሪካን እናወዳድር፤ በ2023 የራግቢ ዋንጫ ስታሸንፍ በኦክቶበር 30 አስታውቃ በዓሉን ለዲሴምበር 15 አደረገችው። ደስታው አልቀዘቀዘም፤ እኛም ቀን አገኘን።

ሞት ቀጠሮ የለውም፤ እናውቃለን። ንግሥት ኤልሳቤጥ በሴፕቴምበር 8 ቀን 2022 ሲያርፉ የቀብሩ ቀን ሴፕቴምበር 19 በዓል መሆኑ የታወቀው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ነው። አውስትራሊያም የራሷን የሐዘን ቀን በዚያው ወር በ22 አደረገች። ለንደን ሰኞ ተዘግታ፣ ሲድኒ ሐሙስ ተዘግታ፣ በመካከሉ ያለው ሳምንት ምን እንደመሰለ ለእኛ ተዉት። ለሐዘን አስቀድሞ ማስታወቂያ እንዲነገር የሚጠይቅ የለም። የምንጠይቀው ለእንዲህ ያለው ቀን የሚሆነው የክፍያ ደንብ አስቀድሞ ተጽፎ መሳቢያ ውስጥ እንዲቀመጥ ነው፤ የጎደለው ቀኑ ብቻ ይሁን።

ጊዜ ሰጠን የምትሉትም ቢሆን ሁልጊዜ በቂ አይደለም። ብሪታንያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአውሮፓ ያበቃበትን 75ኛ ዓመት ለማክበር የ2020ን የሜይ ሰኞ በዓል ወደ ዓርብ ሜይ 8 አዛወረች። ውሳኔው የተነገረው በጁን 2019፣ አሥራ አንድ ወር ሲቀረው ነው። ብዙ ይመስላል፤ ግን ብዙ የ2020 የቀን መቁጠሪያዎች በዚያን ጊዜ ታትመው ነበር። በጃፓንም ኦሊምፒኩ ሲራዘም የ2021 የበዓል ቀናት እንደገና ሲዛወሩ ሕጉ የተሻሻለው በ2020 ማብቂያ ገደማ ስለሆነ በየቤቱ የተሰቀለው መቁጠሪያ የድሮውን ቀን እንደያዘ ቀረ። ይኸው ጃፓን ግን በሌላው ጉዳይ ታስተምራለች። ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑባቸው ሁለት ቀናት በዓል ናቸው፤ ቀናቸው በሥነ ፈለክ ስሌት ስለሚወሰን የሚቀጥለው ዓመት ቀን በዚህኛው ዓመት ፌብሩዋሪ መጀመሪያ በመንግሥት ጋዜጣ ይወጣል። ከፀሐይ ጋር እንዲህ መስማማት ከተቻለ ከሚኒስቴር ጋር መስማማት አይከብድም ነበር።

ሁለተኛ፣ ማን እንደተዘጋ አትናገሩም። ይህ ከሁሉ በላይ የሚያደክመን ነው። አሜሪካ ጁን 19ን፣ በ1865 በቴክሳስ ጋልቨስተን የባሪያዎች ነፃነት የተነገረበትን ቀን፣ የፌዴራል በዓል ያደረገችው ሐሙስ ጁን 17 ቀን 2021 በተፈረመ ሕግ ነው። በዓሉ ቅዳሜ ስለዋለ የፌዴራል ሠራተኞች በፊርማው ማግሥት ዓርብ አረፉ። የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ የሆኑትን የፌዴራል ሪዘርቭ ባንኮች ግን ቅዳሜ የዋለ በዓል ዓርቡን አያዘጋቸውም፤ ስለዚህ ክፍት ነበሩ። ያን ዕለት «ዛሬ አሜሪካ በዓል ነው?» ተብሎ የሚጠየቅ የእኛ ሠራተኛ መልሱ «አዎ» ነው ወይስ «አይ»? ሁለቱም ነው። ገንዘቡ ግን ወይ ይሄዳል ወይ አይሄድም፤ በመካከል የሚቆምበት ቦታ የለም።

በዩሮ አካባቢም እንዲሁ ነው። ትልልቁ የዩሮ ክፍያ የሚያልፍበት የማዕከላዊ ባንኮች ሥርዓት ከቅዳሜና እሑድ ሌላ የሚዘጋው በዓመት ስድስት ቀን ነው፦ ጃንዋሪ 1፣ ስቅለት፣ የፋሲካ ማግሥት ሰኞ፣ ሜይ 1፣ ዲሴምበር 25 እና 26። ስቅለቱም ፋሲካውም የምዕራባውያኑ ነው። በ2024 የምዕራባውያኑ ፋሲካ ማርች 31 ሲሆን የኦርቶዶክሱ ሜይ 5 ነበር። ግሪክ ስቅለቷን ሜይ 3 ስታከብር የዩሮው ሥርዓት ክፍት ነው፤ ማርች 29 ሥርዓቱ ሲዘጋ የግሪክ ሠራተኛ ሥራ ላይ ነው። በዚያው ዓመት ሜይ 1 በሕማማት ሳምንት ስለዋለ ግሪክ የሠራተኞችን ቀን ወደ ሜይ 7 አሻገረችው፤ የዩሮው ሥርዓት ግን በሜይ 1 ተዘጋ። ከእኛ መካከል ይህን ሰንጠረዥ የሠራችው ባልደረባችን ሦስት ቀለም ተጠቅማ አራተኛ ቀለም አስፈልጓታል። ስሪላንካ ይህን ችግር በአንድ ቀላል ነገር አቃልላዋለች፦ በመቁጠሪያዋ እያንዳንዱ በዓል የመንግሥት፣ የባንክ ወይም የንግድ ቤቶች መሆኑ ተለይቶ ይጻፋል። አንድ ቃል ነው፤ ከአንድ ቀን ስልክ ያድነናል።

ሦስተኛ፣ በዓሉ በሳምንቱ እረፍት ላይ ሲውል የሚሆነው በየአገሩ ይለያያል፣ ለብቻውም አይነገርም። በደቡብ አፍሪካ እሑድ የዋለ በዓል ወደ ሰኞ ይሻገራል፣ ቅዳሜ የዋለው ግን እንደዋለ ይቀራል። በብሪታንያ ሁለቱም ወደ ሚቀጥለው የሥራ ቀን ይሄዳሉ። ቻይና ደግሞ ረጅም እረፍት ለመስጠት ስትል በአካባቢው ያለውን ቅዳሜ ወይም እሑድ የሥራ ቀን ታደርገዋለች፤ ሠራተኛው የሚያርፈው በብድር ነው። የሳምንቱ እረፍት ራሱም አንድ አይደለም። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2013 ከሐሙስና ዓርብ ወደ ዓርብና ቅዳሜ ዞረች፤ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በ2022 መጀመሪያ ወደ ቅዳሜና እሑድ ሄዱ፤ የብሩናይ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዓርብና እሑድ አርፈው ቅዳሜን ይሠራሉ። ከሪያድ ወደ ለንደን ለሚሄድ ገንዘብ ሁለቱም ክፍት የሚሆኑበት ጊዜ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ብቻ ነው፤ አንድ የሰኞ በዓል ሲጨመርበት ሦስት ቀን ይቀራል።

አራተኛ፣ ጨረቃ። በጨረቃ ላይ አቤቱታ የለንም። በ2019 ዒድ አልፈጥር በሳዑዲ ጁን 4፣ በግብፅ ጁን 5 ነበር፤ ጨረቃዋ በዓይን እስክትታይ መጠበቅ የእምነቱ ሥርዓት ነው፣ እናከብራለን። ነገር ግን ሊሆኑ የሚችሉት ቀናት ሁለት ብቻ መሆናቸው ከዓመት በፊት ይታወቃል። ሁለቱንም አስቀድማችሁ ብትጽፉልን በሁለቱም ቀን የሚደርስ ክፍያ አንቀበልም ነበር።

አምስተኛው የራሳችን ነው፤ ብዙ አናስረዝመውም። የአገራችን በዓል ሲሆን ሌላው አገር ክፍት ስለሆነ እንገባለን። የሌላው በዓል ሲሆን የእኛ ክፍት ስለሆነ እንገባለን። የብሪታንያም ሆነ የአሜሪካ ሕግ የግል ቀጣሪን በበዓል ቀን ሠራተኛውን ከነክፍያው እንዲያሳርፍ አያስገድደውም። «የሕዝብ» የምትሉት በዓል ከሕዝቡ የትኛውን እንደሚጨምር ቢነገረን ደስ ይለናል።

ቅር የሚያሰኝ ውሳኔ እንኳ በወጉ ሊነገር እንደሚችል ዴንማርክ አሳይታለች። ከ1686 ጀምሮ የነበረውን ታላቁን የጸሎት ቀን ከ2024 ጀምሮ ለመሠረዝ ፓርላማዋ የወሰነው በፌብሩዋሪ 2023 ነው፤ የመከላከያ ወጪ ለመሸፈን ነው ተባለ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አደባባይ ወጥቶ ተቃወመ። እኛ ብንሆንም ባልወደድነው። ሆኖም ሕጉ ከሥራ ላይ መዋያው ከአሥር ወር በፊት ወጣ፣ በዚያ ቀን ለሚሠራው ሠራተኛ ከዓመት ደመወዙ 0.45 በመቶ ይጨመርለት ብሎ ቁጥሩን ጻፈ። በዓል የሚነጥቅ መንግሥት ይህን ያህል ከተጠነቀቀ፣ በዓል የሚሰጥ መንግሥት ምን ያስቸግረዋል?

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

መደበኛ በዓላትንና ዝውውራቸውን ቢያንስ ከአሥራ ስምንት ወር በፊት አስታውቁ፤ መቁጠሪያ ከመታተሙ በፊት ማለት ነው።

ለድንገተኛ በዓል ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀን ስጡን። ይህ የማይቻል ከሆነ፣ ለደስታ ከሆነ ቀኑን አንድ ሳምንት ግፉት፤ ለሐዘን ከሆነ በመሳቢያ ያለውን ደንብ አውጡ።

በእያንዳንዱ የበዓል ማስታወቂያ ላይ ባንኮች፣ የማዕከላዊ ባንኩ የክፍያ ሥርዓትና የግል ድርጅቶች ክፍት ይሁኑ ወይም ዝግ ለየብቻ ይጻፍ።

በዚያ ቀን የሚደርስ ዕዳ ወደ ፊት ይሄድ ወይም ወደ ኋላ ይመለስ፣ በመዘግየቱም ቅጣትና ወለድ እንደማይታሰብበት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። የ1871ቱ ሕግ ይህን የሠራው ኮምፒውተር ሳይኖር ነው።

በጨረቃ ለሚወሰኑ በዓላት ሁለቱም ቀናት ከዓመት በፊት ይውጡ።

በበዓል ቀን ክፍያ ሥርዓቱን ለሚያንቀሳቅሱ ሠራተኞች ምትክ የእረፍት ቀን በሕግ ይታወቅ።

ከላይ ያነሣናቸው አባት አሁንም መልስ አላገኙም። ቅጣቱን ከፍለዋል፤ ደረሰኙን ለእኛ ልከውልናል፣ ፋይሉ ውስጥ አለ። ያንን በዓል ያወጀው መሥሪያ ቤት ይህን ደብዳቤ ካነበበ፣ ያ ክፍያ በቀኑ እንደደረሰ ይቆጠር ወይም አይቆጠር በጽሑፍ እንዲያሳውቀን እንለምናለን።

ከሰላምታ ጋር

የድንበር ተሻጋሪ ክፍያ ሠራተኞች

ግልባጭ፦
ለማዕከላዊ ባንኮች የክፍያ ሥርዓት ክፍሎች
የቀን መቁጠሪያ ለሚያትሙ ሁሉ